ያልተሰማኝ ቃጠሎ

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከከሰል ምድጃ ላይ የሽሮ ድስት በጨርቅ ይዤ እያወረድሁ ከጓደኛዬ ከአያንቱ ጋር ስለ ፈተና አወራ ነበር። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። አያንቱ «እጅሽ! እጅሽ!» ብላ ጮኸች። ጨርቁ ተንሸራቶ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ከድስቱ ጋር ተጣብቃለች። ምንም አላመመኝም።

«አንቺስ ጀግና ነሽ» አለችኝ ቁስሉን ስታስርልኝ። እኔም ሳቅሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ከወሎ ተነሥቼ ነቀምቴ ለመምህርነት ልማር ከመጣሁ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ዘመድ የለኝም፤ ኦሮምኛ አልችልም። አያንቱ የጊምቢ ልጅ ናት፤ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እሑድ እሑድ ብቻዬን መቀመጤ አላምር ሲላት ወደ እነሱ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። እኔ በታቦትና በቅዳሴ ያደግሁ ነኝ። በሩ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። መዝሙሩም ስብከቱም ኦሮምኛ ነው። መጽሐፉ ግን በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስለ ነበር የማላውቀውን ቋንቋ አሳምሬ አነባለሁ። ከጎኔ የሚቀመጡት ባልቴት፣ አዴ ጫልቱ፣ ቃል ስስት መስመሩን በጣታቸው መታ እያደረጉ ያርሙኛል። ሲያልቅ ሁሉም ይጨባበጣል። ከዚያ እሳቸው «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው፤ እኔንና አያንቱን ቤታቸው ወስደው ምሳ ያበሉናል። ብዙም ሳይቆይ ኦሮምኛ ለማይሰሙት የመንግሥት ሠራተኞችና ነጋዴዎች የአማርኛውን ንባብ እንዳነብ ተመረጥሁ። ደስ አለኝ። የሰው አገር መሆኑን ረሳሁት።

ቁስሉ ግን አልድን አለ። አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ ከክርኔ በታች የስኒ አፍ የምታህል ፈዘዝ ያለች ምልክት አየሁ። ፀጉር የላትም። ፀሐይ ላይ እንኳ አያልባትም። በመርፌ ወጋኋት። ደም ወጣ። አልተሰማኝም።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። በቀን አሥር ጊዜ እወጋታለሁ፤ ምናልባት አሁን ይሰማኝ ይሆናል እያልሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር እጄን ከጠረጴዛው ሥር እቆነጥጣለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ ያለ ጉዳይ ገበያ ወርጄ ያለ ጉዳይ እመለሳለሁ። እሑድ መጨባበጡ ሳይጀመር ሹልክ ብዬ እወጣለሁ፣ ሰው እንዳልጨብጥ። አዴ ጫልቱ ቤት ከገበታው ጠርዝ ሁለት ጉርሻ አነሣና ፈተና አለብኝ ብዬ እነሣለሁ። ምን እንደ ሆነ ጠርጥሬ ነበር። በአገሬ እንዲህ ያለ ሰው ከቤተ ዘመድ ተለይቶ ደጀ ሰላም ሲለምን አይቻለሁ።

በአንዱ እሑድ ንባቡ ስለ አሥሩ ለምጻሞች ሆነ። አስቀድሜ አላየሁትም። ቆሜ ጀመርሁ። «ለምጻሞች» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። እንደገና ሞከርሁ። አልወጣም አለኝ። መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ፤ እየተጣደፍሁ ቁልቁል መንገዱን ያዝሁ። አያንቱ እየሮጠች ደረሰችብኝና እጄን ያዘች።

«አትያዢኝ» አልኋት። እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየኋት። መርፌውንም አውጥቼ ወጋሁላት።

እጄን ለቀቀች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ሳታስበው ያደረገችው ነው፤ እኔ ግን አየሁ። ያን ቀን አክስቷ ዘንድ አደረች።

በማግስቱ ጧት በሩ ተንኳኳ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዓይኗ አብጦ ቆማለች። «ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለችኝ።

ሐኪሙ ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ኦሮምኛ አጥርተው የሚናገሩ፣ አማርኛቸው ግን የተሰባበረ ሰው ነበሩ። ስለዚህ አያንቱ አስተርጓሚዬ ሆነች። ዓይኔን አስጨፍነው እጄን በጥጥ ዳሰሱ፤ የክርኔን ነርቭ በጣታቸው ፈለጉ፤ ከጆሮዬ ጫፍና ከምልክቱ ጠርዝ ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩ። ከዚያ ለአያንቱ ረጅም ነገር ተናገሩ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች።

«ንገሪያት» አሉ በአማርኛቸው። «የእሷ ነው። ማወቅ አለባት።»

አያንቱ ወለሉን እያየች «የሥጋ ደዌ ነው» አለችኝ።

ሌላውንም ተረጎመችልኝ፦ «ይድናል ይላሉ። ዳፕሶን የሚባል ክኒን ለዓመታት ትውጫለሽ። ያንቺ ዓይነት ወደ ሰው አይጋባም። የሞተ ነርቭ ግን አልመልስም ይላሉ፤ የማይሰማሽን እጅ በዓይንሽ ጠብቂው።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። ትምህርት ቤቱ ወደ አገሬ ሊልከኝ ነበር፤ የሐኪሙ ደብዳቤ አስቀረኝ። ቤተ ክርስቲያን ግማሹ ከሩቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል። አዴ ጫልቱ ምሳውን አልተዉም፤ ግን ለብቻዬ ሳህን አዘጋጁልኝ።

በአራተኛው ወር ክርኔ አበጠ። ሪአክሽን ነው፣ ገላሽ በሽታውን ሲታገል የሚመጣ እብጠት ነው አሉ ሐኪሙ። ሕመሙ እንደ እሳት ነው። ትንሿ ጣቴ ወደ መዳፌ ታጠፈች። ቀጥሎ የቀለበት ጣቴ። ክኒኑ ገደለኝ ብዬ ወረወርሁት። አያንቱ ከወለሉ ለቅማ አመጣችልኝ። እብጠቱን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ጨመሩልኝ። እጄን በጄሶ አሰሩት። «አታንቀሳቅሺው» አሉኝ። አለመንቀሳቀስ ለእኔ ከሕመሙ ባሰ።

ጄሶው ከተፈታ በኋላ በየጧቱ እጄን ለብ ባለ ውኃ እየዘፈዘፍሁ፣ ቅቤ እየቀባሁ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ በቀኝ እጄ እያቃናሁ፣ አያንቱም ከጎኔ ተቀምጣ የኦሮምኛ ቁጥር እያስቆጠረችኝ፣ ወራት አለፉ፤ የቀለበት ጣቴ ተመለሰች፣ ትንሿ ግን እስከ ዛሬ ጎበጥ እንዳለች ናት። አንድ እሑድም አዴ ጫልቱ ቤት ስገባ ሳህኔ የለም። «ተሰበረ» አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ። «ታኢ፣ ተቀመጪ፣ ከእኛ ጋር ብዪ።» በእርግጥ ተሰብሮ እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ያን ዕለት ከአያንቱ ጋር እጃችን ገበታው ላይ እየተጋጨ እስክጠግብ በላሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው ወለጋ ነጆ ላይ አስተማሪ ሆንሁ። ክኒኑን ሐኪሙ በቃ እስኪሉኝ ድረስ አንድ ቀን ሳላጓድል ወሰድሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሐኪሙን፣ አዴ ጫልቱን፣ ከሁሉ በላይ አያንቱን ያክብርልኝ። ወደ ኋላ የሄደችውን እርምጃ ዛሬም ታነሣለች፣ ታፍርበታለች። እኔ የማስታውሰው በር ማንኳኳቷን ነው።

እንደ እኔ የማይሰማ ምልክት ገላችሁ ላይ ያገኛችሁ፣ በመርፌ እየወጋችሁ ቀን አትቁጠሩ፤ የእኔ ጣት ሳትድን የቀረችው በደበቅሁባቸው ወራት ጠንቅ ነው። ክኒኑን ስታብጡም አትጣሉት፤ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ትኩስ ነገር ያለ ጨርቅ አትንኩ፤ ማታ ማታ እጅና እግራችሁን በብርሃን እዩ። ፍርሃቱ አይቀርም፤ ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ። እየፈራችሁ ሂዱ።