ሐረጎ ላይ አይግፉኝ

ወንድሜ ሞተር ሲገዛ አሮጌ ብስክሌቱን ሐርቡ ላለው ለአክስታችን ልጅ ሊሰጥ ነበር። እኔ ኮምቦልቻን በዚያች ብስክሌት ስዞር ያደግኩ ሰው አልለቅም አልኩ። ተጨቃጭቀን ተወራረድን፤ የሐረጎን ዳገት ማንም ሳያግዘኝ ወጥቼ ደሴ ከደረስኩ ብስክሌቷ የእኔ፣ መኪና ላይ ከተንጠለጠልኩ ወይም ሰው ከገፋኝ ለሐርቡው ልጅ። ወንድሜ በሞተሩ እየተከተለ ሊዳኝ።

ሐረጎ ተጠማዝዞ የቆመ ግድግዳ ነው። ገና ከመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ጉልበቴ ከዳኝ። አንድ የአይሱዙ ረዳት ገመድ ልጣልልሽ አለኝ፣ እንቢ አልኩ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አህያቸው ከእኔ እንደሚፈጥን ተነጋገሩ። እውነታቸውን ነበር፤ አህያው ቀድሞኝ ሄደ።

አናቱ ከሩቅ መታየት ሲጀምር ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ከጎኔ መራመድ ጀመሩ። እኔ ከእግረኛ ስለማልፈጥን ሰላምታቸውን ሳያቋርጡ ጨረሱት፤ እናት፣ አባት፣ ከብት፣ ዝናብ። መመለሻ ትንፋሽ አጣሁ። አዘኑልኝና ኮርቻውን ከኋላ ያዙት።

«አባባ ይተዉኝ፣ አይግፉኝ።»

«አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ።»

እኛ አገር እንቢታን ማን ያምናል? ጠገብኩ ባልኩ ቁጥር ሳህኔ ሲሞላ ነው የኖርኩት። ይተዉኝ ስላቸው ጨዋነቴን እየመረቁ ባሰባቸው።

ወንድሜ ከኋላ ሳቁን ለቀቀው። ብስክሌቷ ሐርቡ ገብታ ታየችኝ። ሽማግሌው ዞረው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ወንድሜ ነው አልኩ፤ አልዋሸሁም።

«አንተ፣ እህትህ ነፍሷ ሊወጣ ነው፣ ሞተር ላይ ተቀምጠህ ትስቃለህ? ውረድና ግፋ።»

ስለ ውርርዱ ሊያስረዳ ሞከረ። ሞተሩን እኔ እጠብቅልሃለሁ አሉት። ወንድሜ ለማንም የማይመለስ ጎረምሳ ነው፣ ሽበት ፊት ግን ወገቡ ይታጠፋል። ወረደ። ሽማግሌው ከታች ቆመው ስለሚያዩት እስከ አናቱ ድረስ በሹክሹክታ እየሰደበኝ ገፋኝ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ወንድሜ መሬት ላይ ተዘርግቶ እያለከለከ፣ ሰው ስለገፋሽ ተሸንፈሻል አለኝ። እስከ አናቱ የገፋኝ ዳኛው ራሱ ነው አልኩት። ዳኛ የሚገፋበት ውርርድ የት አገር አለ? እሱ አሸንፌያለሁ ይላል፣ እኔ ውርርዱ ፈርሷል እላለሁ።

ከዚያ ቁልቁል አየ። ሞተሩ ሩቅ ነው። ሽማግሌው ደግሞ አጠገቡ ተቀምጠው እየጠበቁት ነው። ላቡን ጠረገና ብስክሌቷን በቆረጣ አያት።

«እሺ፣ እስከ ታች አውሺኝ።»

ሰው የራሱን አይዋስም። አዋስኩት።