ሰባ ሁለት ደረጃ

እትዬ ትኬት ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጠዋል። ያውም ቆመው! ያውም ምንም ሳይዙ! ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲረግጥ፣ ብረቱን የሙጥኝ ያለው ተሳፋሪ ሁሉ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ፣ እሳቸው እግራቸውን ከፈት፣ ጉልበታቸውን ላላ አድርገው በግራ እጃቸው ሂሳብ ሲቀበሉ፣ በቀኝ አውራ ጣታቸው ትኬት ሲገነጥሉ ንቅንቅ አይሉም ነበር። ሰፈሩ የገዛ ስማቸውን ረስቶ እንዲህ ብሎ መጥራት የጀመረው ግን ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ቤታቸው የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ይዘረጉና "ትኬት!" ይሉታል። ዓመት ከዓመት ያው አንድ ቀልድ ነው፤ እሳቸው ግን ዛሬ ገና የፈጠሩት ይመስላቸዋል። እኛም እንስቃለን፤ ምን ይደረግ።

እንግዲህ እኚህ ሴትዮ ናቸው ሦስት ዓመት ሙሉ ከአራተኛ ፎቅ ያልወረዱት።

ነገሩ የጀመረው መብራት በጠፋበት አንድ ማለዳ ነው። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ፎቅ ሲወርዱ፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ እግራቸውን አዳለጣቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። ሰው እስኪደርስላቸው ድረስ እዚያው ጨለማ ውስጥ አርባ ደቂቃ ተጋድመው ቆዩ። አጥንቱስ በሦስት ወሩ ገጠመ። ልጃቸው አዝሏቸው ለቀጠሮ ሲወርድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሐኪሙም እግራቸውን አገላብጦ አይቶ "ይኼ እግር ኳስ ይጫወታል" ብሎ አሰናበታቸው። ከዚያ ወዲህ ግን የደረጃውን አፍ ሲያዩ ልባቸው ቀጥ ይላል። ለጠየቃቸው ሁሉ "ጉልበቴን ያመኛል" ይላሉ። ውሸት ነው! ጉልበታቸው ደኅና ነው። ፈርተው ነው። በሚከንፍ አውቶቡስ ላይ ምንም ሳይዝ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ደረጃ ፈራሁ ብሎ በምን አፉ ይናገር? ሞት ይሻላቸዋል።

አብረዋቸው የሚኖሩት ልጃቸውና ምራታቸው ናቸው። ልጃቸው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ለሠርጉ እንኳ ሲለብስ ኪሱ ውስጥ መፍቻ የተገኘበት። ምራታቸው ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ፣ ላቦራቶሪ ደም ትመረምራለች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ያሰበችውን ሁሉ በወረቀት ካልጻፈች እንቅልፍ የማይወስዳት። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ፣ እንደ ወትሮው በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው "ትኬት!" ሲሏት፣ አንድ ደብዳቤ አስጨበጠቻቸው። የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ከተማ፣ አዲስ በተከፈተ ሆስፒታል፣ የላቦራቶሪ ኃላፊ እንድትሆን ተመርጣለች። ለባሏም ቢሆን እዚያ ግንባታ ሞልቷል። ወሩ ሳያልቅ ካልተገኘች ግን ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል።

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" ብለው እትዬ ትኬት አቅፈው ሳሟት። ከዚያ ሽንኩርት ልክተፍ ብለው ወጥ ቤት ገቡና ጥግ ይዘው አለቀሱ። ደስታውም እውነት ነበር፤ ለቅሶውም እውነት ነበር።

ምራቲቱ ወዲያው ቀን መቁጠሪያውን አወረደች። አራት ቅዳሜና እሁድ ቀርቷቸዋል። "ሳናየው የምንሄደው ነገር አይኖርም" ብላ፣ ሐይቁን፣ ሙዚየሙን፣ ኮረብታውንና መጨረሻ ላይ የእናት አባቷን ቤት በወረቀት ዘርዝራ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሐይቅ ሄዱ፤ ጀልባ ተከራይተው ገቡ፤ ዕድሜውን ሁሉ የውኃ ቧንቧ ሲጠግን የኖረው ባሏ ገና ከዳር ሳይርቁ አስመለሰው። ማታ ፎቶዎቹን በስልኳ ስታሳያቸው እትዬ ትኬት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ሐይቁ እንኳ ለእኔ ብርቅ አይደለም" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ "ድሮ የመጨረሻው ፌርማታዬ ነበር።" ከዚያ ደግሞ "እስቲ ያቺን የሐይቁ ዳር ዛፍ ያለባትን ፎቶ መልሺልኝ" አሏት። አራት ጊዜ መልሳ አሳየቻቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ሻይ ሊጥዱ ሲነሱ፣ የባልና ሚስቱ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ኖሮ ድምፅ ሰሙ። ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

"እማዬን አራተኛ ፎቅ ላይ ዘግቼባት የት ነው የምሄደው?" ይላል ልጃቸው። "ዳቦ ማን ይገዛላታል? ቢያማት ማን ያወርዳታል? እኔ አልችልም።"

"ገና ሦስት ሳምንት አለን" አለች ሚስቱ። "እናወርዳቸዋለን።"

እትዬ ትኬት የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ለካ የእነዚህን ልጆች እግር የያዙት እሳቸው ናቸው! ሌላ ማንም አይደለም፤ እሳቸው።

ቁርስ ላይ ምራቲቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና "እማማ፣ ቅዳሜ ሽርሽር እንሄዳለን" አለቻቸው።

"ደኅና ዋሉ።"

"እርስዎም ነዎት የሚሄዱት።"

"በዚህ ጉልበቴ?"

"ሩቅ አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ነው።"

ቀና ብለው ፍሪጁን ቢያዩ "ሙዚየም" የሚለው ተሰርዞ "ሦስተኛ ፎቅ"፣ "ኮረብታ" የሚለውም ተሰርዞ "ሁለተኛ ፎቅ" ተብሏል። ወይ ጉድ! ይቺ ልጅ የምትለቅ አይደለችም።

ቅዳሜ ዕለት ልጃቸው በቀኝ፣ ምራታቸው በግራ ደግፈዋቸው ሦስተኛ ፎቅ ማረፊያ ላይ ደረሱ። ላብ በላብ ሆነው ነበር፤ ግን ደረሱ። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ በፔርሙስ ሻይ ወጣ። ከማረፊያው ፊት ለፊት የሚኖሩት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ሳቅ ሰምተው ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ።

"አሥራ ስምንት ደረጃ ወረዱ ማለት ነው" አሉ መምህሩ እንቁላል እየላጡ። "አራቱ ፎቅ ሲባዛ ሰባ ሁለት ነው። ሩቡን ጨርሰዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት!"

እትዬ ትኬት እንደ ሙሽራ መሐል ተቀምጠው ዋሉ። ወደ ላይ ሲመለሱም "ነገ ብንሄድስ?" እስከማለት ደረሱ።

በተከታዩ ቅዳሜ ነው ጉዱ የመጣው። ከሦስተኛው ፎቅ አልፈው ያቺ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው ክንዳቸውን ጭምቅ አድርጎ "ቀስ እማዬ! ያዢ!" ይላል፤ ምራታቸው በዚያ በኩል "ብረቱን ይያዙ!" ትላለች፤ መምህሩ ከኋላ የእትዬን ሻርፕ ጫፍ ጨብጠው "ተጠንቀቁ፣ ተጠንቀቁ" ይላሉ። ሁሉም ፈርቷል፤ ፍርሃቱ በእያንዳንዱ እጅ በኩል ወደ እሳቸው ይገባል። እግራቸው ቀጥ አለ። ያን የተጋደሙበትን ንጣፍ አዩት።

"ልቀቁኝ!" ብለው ጮኹ። ማንም አልለቀቃቸውም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ልጃቸው አዝሎ መለሳቸው። በየበሩ ሰው ወጥቶ ያይ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበሉም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ሰኞ ጠዋት ልጃቸው ለሥራ ሳይወጣ አጠገባቸው ተቀመጠ። "አንሄድም እማዬ" አለ። "በቃ፣ ወስነናል። እሁድ ምሳ ላይ ለእነ አባቷም እንነግራቸዋለን።" ምራታቸው ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። ያንኑ ሳህን ሁለት ጊዜ አጠበችው። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም፤ ያ ነው ደግሞ የበለጠ አንጀታቸውን የበላው። አፋቸውን ከፈቱ፤ እውነቱን ሊናገሩ። የወጣው ግን "ይኼ ጉልበቴ እኮ..." የሚል ነው። ምላሳቸውን ቢቆርጡት በወደዱ።

እሁድ ደረሰ። ባልና ሚስቱ የክት ልብሳቸውን ለበሱ። "ምሳሽ እዚህ ተከድኗል" አላቸው ልጃቸው፤ ግንባራቸውን ስሞ ወጣ። ከደረጃው ላይ የሁለቱ ኮቴ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

እትዬ ትኬት ተቀመጡ። ተነሱ። መስኮቱ ጋ ሄደው ቁልቁል አዩ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ፌርማታው ይሄዳሉ። የልጅቷ ትከሻ ወርዷል። ያቺ ፈጣን ልጅ እግሯን ትጎትታለች። ይኼኔ ነው እትዬ ትኬት በንዴት የነደዱት። በማን? በራሳቸው ነዋ! "አንቺ ሴትዮ፣ ምነው አሁንስ አላበዛሽውም?" አሉ ጮክ ብለው። ጥሩውን ቀሚስ ለበሱ፤ ሻርፓቸውን አሰሩ፤ ቦርሳቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁና፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ፣ በሩን ከኋላቸው ቆለፉት።

የመጀመሪያዎቹን አሥራ ስምንት ደረጃዎች ብረቱን በሁለት እጃቸው አንቀው ጨረሱ። ኮቴ የሰሙት መምህር በራቸውን ከፍተው ብቅ አሉ።

"እትዬ! ብቻዎን? ይቆዩ፣ ልያዝዎት!"

"እጅዎን ይሰብስቡ መምህር! መከተል ይችላሉ፤ መንካት ግን የለም።"

መምህሩ ኩም አሉ። በነጠላ ጫማቸው ሁለት ደረጃ ወደኋላ ቀርተው፣ በለሆሳስ እየቆጠሩ ተከተሉ። ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት። ኩርባው ላይ ቁጥሩ ቆመ።

ያው ነው። ዓይናቸው ንጣፉ ላይ ተተክሏል። ጣቶቻቸው ብረቱ ላይ ነጥተዋል። የገዛ ጣታቸውን አዩ፤ አዩና ተናደዱ። መቼ ነው እኔ ብረት ይዤ የማውቀው? አውቶቡስ ላይ የሚወዛወዘው እኮ ብረት የያዘው ነበር! እሳቸውን ያቆማቸው እጃቸው ሥራ ላይ መሆኑ ነው፤ እጃቸው ሥራውን ሲሠራ እግራቸውም የራሱን ሥራ ያውቅ ነበር።

ቀኝ እጃቸውን ለቀቁ። ቀጥሎ ግራቸውን። መምህሩ ከኋላ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እትዬ ትኬት እግራቸውን ከፈት፣ ጉልበታቸውን ላላ አደረጉና ሻርፓቸውን ፈትተው እንደገና ማሰር ጀመሩ። አንዱን ጫፍ አሳጠሩ፤ አልወደዱትም፤ ፈቱት፤ በሌላ በኩል አዞሩት፤ ጫፉን ከስር አስገቡት፤ ቋጠሩት። ቋጠሮው ሲያልቅ ቀና ቢሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመዋል።

"ሠላሳ ስድስት!" አሉ መምህሩ።

"ዝም ብለው ይቁጠሩ" አሏቸው። የቀረውን ሠላሳ ስድስት ደረጃ ግን ማን ቆጠረው! ቦርሳቸውን እየበረበሩ፣ መሐረብ እያጠፉ፣ የቀሚሳቸውን ቁልፍ እየፈቱና እየቆለፉ ወረዱት። ታች ሲደርሱ መምህሩ "ሰባ ሁለት!" ብለው ብቻቸውን አጨበጨቡ። እትዬ ትኬት መንገዱ ላይ ወጡ። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ አረፈ። ሦስት ዓመት! የዳቦ ቤቱ በር ቀለም ተቀይሯል፤ ከደጃፉ የነበረው ችግኝ ቁመታቸውን አልፏል። መሐል መንገድ ላይ ቆመው ሳቁ። አንድ ብስክሌት ነጂ ጥሩምባውን ነፋባቸው፤ እሱንም ሰደቡት። ደስ አላቸው፤ እንዴት ደስ አላቸው!

አውቶቡሱ ላይ አንዲት ልጅ "እናቴ፣ ይቀመጡ" ብላ ተነሳችላቸው። "ተባረኪ፣ ቆሜ እሄዳለሁ" አሏት። አምስት ፌርማታ ቆመው ሄዱ።

የምራታቸው ወላጆች በር ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሆነው የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ። "...ስለዚህ ለሐሙስ የቀጠርነውን የጭነት መኪና ነገ እሰርዘዋለሁ" ይላል። የማንም ማንኪያ አይንቀሳቀስም።

"ምንም አትሰርዝም" ብለው ገቡ።

ልጃቸው ብድግ ሲል ወንበሩ ወደኋላ ተገለበጠ። "እማዬ! ማን አመጣሽ?"

"ማን ያመጣኛል? ወረድኩና መጣሁ።"

"ጉልበትሽስ?"

"ዛሬ ተሻለኝ" ማለት ይችሉ ነበር። ቀላል ነበር፤ ሁሉም ያምናቸው ነበር። ምራታቸውን አዩ፤ ያንኑ ሳህን ሁለት ጊዜ ያጠበችውን ልጅ።

"ጉልበቴን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም" አሉ። "ፈርቼ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈርቼ ነው የዋሸኋችሁ። ዛሬም እየፈራሁ ነው የወረድኩት። ነገም እየፈራሁ እወርዳለሁ፤ ዳቦዬን ራሴ እገዛለሁ፤ ሲደክመኝ ከመምህሩ ጋር ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። በእኔ የተነሳ የሚቀር ሰው የለም። ሂዱልኝ ልጆቼ። ሂዱልኝ።"

ምራታቸው ጠረጴዛውን ዞራ እስክትመጣ አልታገሠችም፤ በአባቷ ጉልበት ላይ ተረማምዳ መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እናትና አባቷ አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ያለቅሳሉ። ያ ዝምተኛ ልጅ ግን የተገለበጠውን ወንበር አቅንቶ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እትዬ ትኬት አጠገቡ ቁጭ አሉ። በአንድ እጃቸው ጀርባውን እየደባበሱ፣ በሌላው የእሱን ሳህን ወደ ራሳቸው ስበው መብላት ጀመሩ። ርቧቸው ነበር።