አራት እፍኝ ፉርሽካ

ከትምህርት ቤት ደብተር ውጪ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሰው ፊት ማውራትም አይሆንልኝም። ባለፈው ሳምንት ግን ደሴ ገበያ የእርጥብ ጭድ ሽታ ሲመታኝ፣ ሐይቅ ከተማ ያለችው የአክስቴ የዘሐራ ጨለማ ክፍል ትዝ አለችኝ።

አክስቴ ከአረብ አገር የተመለሰችው በለውጡ ሰሞን ነው። ሌላው ሱቅ ሲከፍት እሷ እንጉዳይ ማምረት ተማረች። ጭድ በበርሜል ትቀቅላለች፤ ሲበርድ ከፉርሽካና ከዘሩ ጋር ቀላቅላ በላስቲክ ከረጢት ትጠቀጥቅና ከጣሪያው ታንጠለጥላለች። ጎረቤታችን አያ ሰይድ ሲያልፍ፣ «ዘሐራ፣ ባሕር ተሻግረሽ የጅብ ጥላ ልታበይን መጣሽ?» ይላታል።

«ወጥ አርጌ ባቀርብልህ ሥጋ ነው ብለህ ጣትህን ትልሳለህ!»

እኔ ክፍሉን እፈራው ነበር። በየከረጢቱ ነጭ ድር እንደ ሽበት እየወጣ ጭዱን ቀስ ብሎ ይውጠዋል። ሰው ሳይኖርበት አየሩ እንደ እስትንፋስ ይሞቃል። አክስቴ ቢስሚላህ ብላ ትገባና ድምጿን ዝቅ አርጋ፣ «ለአንድ ከረጢት አንድ እፍኝ ፉርሽካ። ሲያንሰው ይቀጭጫል፤ ሲበዛበት ይግልና ይሻግታል» ትለኛለች።

ከውጫሌ በኩል መድፍ ሲሰማ ሰዉ ወደ ደሴ መሸሽ ጀመረ። አክስቴ የአረብ አገር ድካሟን ሁሉ እዚያ ክፍል አፍስሳለች፤ «ይቺን ዙር ሳልለቅም አልሄድም» አለች። እኔ በፍርሃት እንቅልፍ አጣሁ። አዲሶቹን አሥር ከረጢቶች እንዳዘጋጅ ስታዘኝ፣ ቶሎ ደርሰው ቶሎ እንድንሄድ ብዬ አራት አራት እፍኝ ጨመርኩ።

በስድስተኛው ቀን አንዱን ስዳስሰው ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ሆድ ይፋጃል። ነጩ ድር አረንጓዴ ሆኗል፤ ክፍሉም የቆመ ውኃ ይሸታል። አክስቴ አይታ፣ «ስንት እፍኝ?» አለችኝ። አራት ጣቴን አሳየሁ።

«ደግሰሽላቸዋል እንዴ አንቺ!» አለችና ሳቀች። ለምን እንደጨመርኩ ግን አልነገርኳትም።

ያን ጠዋት አያ ሰይድ ቤተሰቡን ይዞ ሊሄድ መጣ። ሻጋታው ወደ ደህናዎቹ እንዳይዛመት የተበላሹትን አውጥታ በማግስቱ ልትደርስብን፣ እኔን ከእሱ ጋር ሰደደችኝ።

ከሳምንታት በኋላ ስንመለስ አሥሩ ከረጢቶች ደጅ ተደርድረዋል፤ በሩ በውጭ ተዘግቷል። ስከፍተው ብርሃንና አየር ያጡት እንጉዳዮች አንገታቸው እንደ ጣት ቀጥኖ፣ ራሳቸው አንሶ፣ ሁሉም ወደ በሩ ስንጥቅ ተዘርግተው ነበር። የሚጠብቁት ሰው ያለ ይመስል ነበር። አክስቴ የለችም። ደሴም ኮምቦልቻም ጠየቅን፤ አየኋት ያለ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አሁን እንጉዳይ ሆቴሉ ሁሉ ይፈልገዋል፤ የጅብ ጥላ ብሎ የሚስቅ የለም። ያን የሸሸንበት ጠዋት ግን አክስቴ በር ላይ ቆማ፣ እያለቀስኩ ስሄድ አይታ፣ ለተበላሹት ከረጢቶች መስሏት፣ እንዲህ ነበር ያለችኝ፦

«አታልቅሺ የኔ ሆድ፤ የራባቸው መስሎሽ ነው።»