ከዘጌ የመጣች የቡና ፍሬ

የማኅበራችን ሰዎች የቤተሰብ ተዝካርም ሆነ የአገር በዓል አይዘነጉም። ዘንድሮም ለአርበኞች ቀን በሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ተሰብስበን ስንወጣ፣ እናንተ ወጣቶቹ ስለ ግንባር ጻፍልን አላችሁኝ። ጀግንነት ከእኔ አትጠብቁ። የማውቀው አንድ ኮረብታ ነው።

ትእዛዙ የደረሰን በዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ዘጠኝ ሆነን ኮረብታውን እንድንይዝ፣ ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣም እንዳንለቅ። የመትረየስ ተኳሻችን ይበልጣል የዘጌ ልጅ ነው፤ ምሽጋችን አንድ ነበር። እናቱ ከላኩለት ቡና ሃምሳ አምስት ፍሬ ቆጥሮ በከረጢት ቋጠረ። የጾሙ ቀን ልክ ነው። በየጧቱ አንዷን አውጥቶ ይጥላል፤ ከረጢቱ ባዶ የሆነ ዕለት ማግስቱ ፋሲካ ነው። ቀኑ የጠፋበት ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነበር።

ጧት ጧት ሸለቆውን ጉም ይሞላዋል። ይበልጣል የምሽጉን አፍ ተደግፎ፣ ይኸው ጣና ይለኛል። ያውና ታንኳው፣ ያውና የእናቴ ቤት እያለ በጣቱ ያሳየኛል። መጀመሪያ እስቅበት ነበር። በኋላ እኔም ማየት ጀመርሁ፤ እንዲያውም የቀዘፋ ድምፅ የሰማሁ የመሰለኝ ቀን አለ። ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ ይገፈፋል፣ እኛም ወደ ጠመንጃችን እንመለሳለን።

በሰሙነ ሕማማት ስንቅ የሚያመጡልን በቅሎ ነጂዎች ቀሩ። የስልኩም መስመር ተቆረጠ። አንድ ንጋት ላይ ጥበቃ ላይ ሳለሁ እንቅልፍ አዳፋኝ። ከተኛው ከይበልጣል ከረጢት አንዲት ፍሬ አውጥቼ አኘክኋት። ነቃሁ። ልነግረው አስቤ አፈርሁ። ዛሬ ነገ ስል ከረጢቱ አንድ ቀን ቀድሞ ባዶ ሆነ።

ጎህ ሲቀድ ይበልጣል «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ሁላችንንም ሳመን። ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ አክፍሎ ነበር። ለበዓል ያስቀመጥነውን የቆርቆሮ ሥጋ በሳንጃ ከፈትን። ቀኑ ገና ቅዳሜ፣ ቀዳም ሥዑር መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ድርሻዬን ለእሱ ሰጠሁት። የራሴን ጾም ጠብቄ ጓደኛዬን አስገደፍሁ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጠላት ከባድ መሣሪያ መተኮስ ጀመረ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስት ጊዜ መለስናቸው። ይበልጣል «ጥይት አቀብለኝ» አለኝ። ሳቀብለው አልተቀበለኝም። አምስት ሰዓት ላይ ጸጥ አለ።

እናቱ ዛሬ መነኩሴ ናቸው። ልጃቸው የሞተበት ቀን ስለሆነ፣ እማሆይ በየዓመቱ ቀዳም ሥዑርን ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው እኛ ጋ ይውላሉ። እኔም በየዓመቱ እሸሻቸው ነበር። በዚያ ቀን ካህናት የሚያድሉትን ቄጤማም ራሴ ላይ አስሬ አላውቅም። ዘንድሮ ግን በቅጽሩ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኘን። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልሁም። ፍሬዋንም ሥጋውንም ነገርኋቸውና እርግማናቸውን ለመቀበል አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ ሁልጊዜ ያከፍል ነበር» አሉ እማሆይ። «ባዶ ሆዱን ነው የሞተብኝ እያልሁ ይህን ሁሉ ዓመት ስንገበገብ ኖርሁ። በልቶ ነበር ነው የምትለኝ?»

«በልቶ ነበር፣ እማሆይ።»

«ያንተንም ጨምሮ?»

«የእኔንም ጨምሮ።»

ቄጤማውን ከራሳቸው ፈትተው እኔ ራስ ላይ አሰሩልኝ። ነገ ጾሙን ከእኔ ጋር ትፈታለህ አሉኝ።

ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ፤ የሰጡኝን ቀኖና እየፈጸምሁ ነው። ዘጠኝ ሆነን ወጥተን ስድስት ሆነን ወረድን። ይበልጣል፣ አሥር አለቃችንና ስልከኛው እዚያው ቀሩ። ሦስቱም በልተው ነበር።