ከፎቶዎቹ ጀርባ የቀረው

«እህታለም» የሚላት ወንድሟ ነው። ዓይነ ስውር ነው፤ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በስልክ ኦፕሬተርነት ይሠራል። በየቀኑ ቢሯችን እየደወለ «እህታለም አለች?» ሲል ሲል ስሙ ተጣበቀባትና እኛም በዚያው ቀረን። የምንሠራው የዱር እንስሳት ማቆያ ውስጥ ነው። እሷ የድረ ገጹ ኃላፊ ናት፤ እኔ ደግሞ ጎብኚዎች አንብበው የሚጥሉትን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳያነቡ የሚጥሉትን፣ በራሪ ወረቀት እጽፋለሁ። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ የእሷን ጉድ የራሴን ያህል አውቀዋለሁ።

ልጆች ሳሉ አባታቸው ወደዚሁ ግቢ ያመጧቸው ነበር። ወንድሟ አጥሩን ይዞ ይቆማል፣ እሷ ያየችውን ትነግረዋለች። ሥራ ስትይዝም ልማዷን አልተወችም። ድረ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ለዓይን የማይታይ መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ለዓይነ ስውራን ስልካቸው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ሌላው ሰው «ቀጭኔ» ብሎ በሚያልፈው ቦታ፣ እሷ «ቀጭኔዋ አንገቷን በአጥሩ ላይ አሳልፋ የጎረቤቷን ድርቆሽ ትሰርቃለች፤ ዓይኗ ግን ምንም እንዳላደረገ ሰው ነው» ብላ ትጽፋለች። ወንድሟ ከሥራ ሲወጣ አንድ በአንድ ያስነብባቸዋል። እንስሳቱን የሚያያቸው በእሷ ዓይን ነው።

አሮጌው ሲስተም አርጅቶ በየሳምንቱ መውደቅ ሲጀምር፣ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ነገር ወደ አዲስ ይዛወር አሉ። ሥራው እህታለም ጫንቃ ላይ ወደቀ። የሰው ጉዱ የሚወጣው ደግሞ ቤት ሲቀይር ነው። በየክፍሉ እየዞረች «የትኛው ገጽ ይሂድ፣ የትኛው ይቅር?» ብትል ሁሉም «የእኔ ይሂድ» አለ። የእንስሳት ሐኪሙ የአንበሳ ደቦል መወለዱን የሚያበስረው ገጽ እንዳይነካባቸው ለመኗት፤ ደቦሉ ዛሬ አርጅቶ ጥርሱን ጨርሷል። ከአንድ ጥግ ደግሞ «ጃንጥላ ጠፍቶ ተገኝቷል» የሚል ማስታወቂያ ወጣ።

«ጌታዬ፣ የዚህ ጃንጥላ ባለቤት በሕይወት መኖሩንም እንጃ» አለቻቸው ሥራ አስኪያጁን።

«ይሁን፣ ልጆቹ ሊመጡ ይችላሉ» አሏት።

እህታለም ግን ቆራጥ ናት። የሞተውን ገጽ ቀበረች፣ የተደጋገመውን አንድ አደረገች፣ የቀረውን በየፈርጁ ደለደለች። መጀመሪያ የወፎቹን ክፍል ብቻ ለሙከራ አዛወረች፤ ሲያምርላት የቀረውን አስከተለች። ከዚያ እኔና እሷ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ከፍተን አሮጌውንና አዲሱን ገጽ በገጽ አመሳከርን። ጽሑፉ አለ፣ ፎቶው አለ፣ ሊንኩም ይሠራል። ከፎቶዎቹ ጀርባ ያለውን ግን አላየንም፤ ዓይን ያለው ሰው በምን ሊያየው! እሷም ጥላ ከሰው ጋር እንደሚሄድ መግለጫውም ከፎቶው ጋር የሚሄድ መስሏታል።

የቀረው አሮጌውን ማጥፋት ነበር፤ ያለበት ማሽን ለትኬት ክፍል ይፈለጋል። ይህ የቴክኒሺያኑ ሥራ ነው። ቴክኒሺያናችንን «ነገ» እንለዋለን፤ ምን ቢጠየቅ መልሱ ያው ነዋ። ስብሰባ ላይ እንኳ «ዛሬ» ሲል የሰማው የለም። እህታለምና እሱ አይጥና ድመት ናቸው። አዲሱ ድረ ገጽ በተከፈተበት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ አምባረቀችበት፤ «ስማ! ያንን አሮጌ ነገር ዛሬውኑ አጥፋው። ነገ ብትለኝ አንተን ነው የማጠፋህ!»

ከምሳ በፊት ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«እህታለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ግን ምን ባጠፋ ነው የቀጣሽኝ?»

«ምን ሆንክ ወንድሜ?»

«ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ ብቻ ነው የሚለኝ። ጉማሬውም ፎቶ፣ ሰጎኗም ፎቶ። የምትጽፊልኝ ሁሉ የት ሄደ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። አንዱን ፎቶ ከፍታ ጀርባውን አየች፤ ባዶ። ሌላውን አየች፤ ባዶ። ስትጽፍ የኖረችው እዚያው ሲስተሙ ላይ ስለሆነ ሌላ ቦታ የለም። መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ የቴክኒሺያኑ ኃላፊነት ነበርና እንዳልተያዘ መገመት አያቅትም። እየሮጠች ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ነገ» ክፍሉ ውስጥ ሻይ ይጠጣል። ፊቷን ሲያይ ደነገጠ።

«አጠፋኸው?» አለችው እያለከለከች።

«አጥፍቼዋለሁ!» አለ ብድግ ብሎ። «ገና ድሮ! ድራሹን ነው ያጠፋሁት!»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። «የወንድሜን ዓይን በገዛ አፌ አስጠፋሁት» ትላለች።

«ነገ» አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ባላጠፋው... ትቆጪ ነበር?»

ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«አይ፣ ልጀምር ስል ሻይ መጣ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ለነገ አሳድሬው ነበር።»

ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ግንባሩን ሳመችው፣ ጉንጩን ሳመችው። «ስንፍናህን እግዜር ይባርከው!» አለችው እየሳቀችም እያለቀሰችም። ሰው ለስንፍናው ሲመረቅ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ሻዩን ቀምቼ ጠጣሁበት።

«ነገ» በዚያ ከሰዓት በኋላ እንደ ሰው ሠራ። መግለጫዎቹን ከአሮጌው አውጥቶ በየፎቶው ስም እያዛመደ ወደ አዲሱ አስገባቸው። በዚህኛው ዙር ያመሳከርነው ዓይናችንን ጨፍነን በጆሯችን ነው።

ወንድሟ በሆስፒታሉ ስልክ እያዋራን የራሱን ስልክ ያስነብብ ጀመር። ድምፁ እኛም ጋ ይሰማል፤ «ጉማሬው ዛሬም ከውኃው አልወጣም፤ የሚታዩት ሁለት ጆሮዎቹ ናቸው፣ እነሱም ሰልችቷቸዋል።»

«መጣ! ጉማሬዬ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ከኋላው አንዲት ነርስ ስትቆጣው ሰማን። ቀጥሎ ግን፣ «ቆይ ቆይ፣ የፊት ገጹ ላይ ያለው አንዱ አሁንም ፎቶ ብቻ ነው የሚለኝ» አለ።

«እሱ እንስሳ አይደለም፤ ለመክፈቻው የተነሣነው እኛ ሠራተኞቹ ነን።»

«አንቺም አለሽበት?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ጻፊልኛ!»

ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ቀረች። ለአዞ ቃል አጥታ የማታውቅ ሴት ለራሷ ጠፋባት። «በል አንተ ጻፈው» ብላ የፊደል ሰሌዳውን ገፋችልኝ።

በራሪ ወረቀት ላይ ማጋነን እንጀራዬ ነው፤ እዚህ ግን ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። ወንድሟ ገጹን እንደገና ከፈተ። ስልኩ አነበበ፤ «ሠራተኞቹ በሩ ፊት ተሰልፈዋል። ቴክኒሺያኑ ዓይኑን ጨፍኗል። መሐል ላይ አጠር ያለች ሴት አለች፤ ሁሉም ካሜራውን ሲያይ እሷ ወደ ጎን ዞራ ትስቃለች። ፍንጭት ናት፤ ስትስቅ ታምራለች።»

ወንድሟ ወዲያው ጠየቀ፤

«ፍንጭት ነሽ እንዴ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«የዝንጀሮውን ጥርስ ሳይቀር ነግረሽኝ የራስሽን ትደብቂኛለሽ?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ሳቋ ቀደማት። እሱም ወዲያ ማዶ ሳቋን እየሰማ ስልኩን እንደገና አስነበበው።