የባዶ መንበር ወርቅ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ሚስተር ኮሊንስ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፦ «የሳንቲሙን ዳር ያዝ፣ ፊቱን አትንካ።» ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሁሉ ተደምሮ ይህን ያህል አልጠቀመኝም።

ሱቃችን ለንደን መሃል ነው። የምንሸጠው የሮም ፖፖች እንደ ንጉሥ አገር ሲገዙ ያስመቱትን የወርቅ ሳንቲም ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ እግዜር የለም ባዮች ናቸው፤ ከስብስባቸው አንድ ፖፕ ከጎደለ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ከመካከላቸው አማኝ ደቡብ ለንደን፣ ስትሪትሃም የሚኖሩት አቶ ገዛኸኝ ብቻ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቤታቸው ሰው እነዚህ ፖፖች ነበሩ።

አንድ ጠዋት የሳንቲም ሳጥናቸውን ታቅፈው፣ ከንስሐ አባታቸው ኋላ ኋላ እየተከተሉ መጡ። አባ ጠበል ሊረጩ ቤታቸው ገብተው ሳጥኑን አግኝተውታል።

«የሮም ፖፕ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር» አሉኝ አባ፣ እኔ ያስቀመጥኩት ይመስል። «ይሸጥ፤ ወይም ይቅለጥና መስቀል ይሁን።»

«ታሪክ ነው እኮ አባቴ» አሉ አቶ ገዛኸኝ።

«ታሪክ ከሆነ ሙዚየም ይጠብቀው።»

«ይቅለጥ» ያሉትን ስተረጉምለት ሚስተር ኮሊንስ ወንበር ፈለገ። አባ እያንዳንዱን ፖፕ ፊቱን በአውራ ጣታቸው እያሹ መረመሩ። አለቃዬ ዳሩን እንዲይዙ ንገራቸው ብሎ በዓይኑ ለመነኝ። ቄስን እጅህን ሰብስብ የሚል አበሻ ገና አልተወለደም።

የመጨረሻው ሳንቲም ላይ ጣታቸው ቆመ። ሰው አልተቀረፀበትም፤ ሁለት ቁልፎችና ከላያቸው የተዘረጋ ጥላ ብቻ።

«ይሄ ድባብ አይደለም እንዴ?»

አንዱ ፖፕ ሞቶ ሌላው እስኪመረጥ፣ መንበሩ ባዶ ሳለ የተመታ መሆኑን አስረዳኋቸው።

«ፖፕ የለበትም?»

«የለበትም አባታችን።»

«እንግዲያው ይሄ ይቆይ። ሮም እንዲህ ሆና ብትቀር ኖሮ ጠብ አልነበረንም።»

አቶ ገዛኸኝ የቀሩትን ሸጡልን፤ እያንዳንዱን ፖፕ በስሙ እየጠሩ ተሰናበቱት። አሳዘኑኝ። ሐዘኔ እስከ ሰኞ ቆየ።

ሰኞ ሱቁን ልከፍት ስመጣ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ቼክ አድርግልኝ፤ ከፖፖቹ ስንቱ ሲሞት ነው ባለ ድባቡ የተመታው?»

ባለ ድባቡ ከሌላው ሁሉ ብርቅ ነው፤ ፍለጋው ዕድሜ ይፈጃል። አለቃዬ ነገሩን ሲሰማ ለአባ የገና ስጦታ እንላክላቸው አለ።

ሰብሳቢን ማስተው አይቻልም። የሚሰበስበውን ማስለወጥ ግን ይቻላል፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይወደዳል።