በሳጃና ግድግዳ የለጠፍኩት ማስታወቂያ

የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳይ እስከ ዛሬ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ለአንድ ወረቀት ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። እሱ ካርቱም አልኖረም።

የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ የሚታይበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሙን ባልጠራው ይሻለኛል። ከበሩ አጠገብ ረጅም ግድግዳ አለው። ከሰው ወገብ በታች ያለው፣ ቶምባክ የሚሉት ከንፈር ሥር የሚያዝ ትምባሆ እየተተፋበት ቡናማ ሆኗል። ከወገብ በላይ የሱዳን ፌዴራል መንግሥት ማስታወቂያዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፈዋል። አዲስ ሲመጣ አሮጌውን የሚያነሳ የለም፤ ሙጫ ቀብተው ይደርቡበታል። የተሻረውም የጸናውም አብረው እየተንጠለጠሉ ሰው ያደናብራሉ። አንድ ጊዜ ማኅተሙ ልክ የመጨረሻው ቀን የተጻፈበት መስመር ላይ አርፎ ቀኑን አጠፋው። ገብቼ ጸሐፊውን ጠየቅኩት። የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ ሳያወርድ፣ ማኅተም ካለበት ወረቀቱ ትክክል ነው፣ ቀኑ ምን ያደርግልሃል አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ማመስገኔ ነው እስካሁን የሚያበሽቀኝ።

ከግድግዳው ሥር ደግሞ ደላሎቹ ይቆማሉ። ሰው የሚለጠፈው ነገር ቢገባው ኖሮ እንጀራቸው ይቀር ነበር። አንዱ ሁላችሁም ልትባረሩ ነው ይላል፣ ሌላው አሻራ ብቻ ነው ይላል፣ ሦስተኛው እኔ ጋ ና እንጂ እነሱን አትስማ ይላል። ፀሐይ አናታቸውን እየበላው የተሰለፉት ሴቶች ከአንዱ ወደ ሌላው አንገታቸውን ያዞራሉ። እነዚያን ደላሎች አይቼ የተጸየፍኩትን ያህል ማንንም ተጸይፌ አላውቅም ነበር፣ ያኔ።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አርቃቂ ነበርኩ። መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ሱዳን ገባሁ። ዓረብኛውን አንድ ጠበቃ ቢሮ ተላላኪ ሆኜ፣ ፋይል እያመላለስኩ፣ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። ኋላ ሳጃና በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ከጎናችን የጎንደር ሴትዮ ምግብ ቤት ነበረ፤ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነው። አዲስ ማስታወቂያ ወጣ በተባለ ቁጥር ሄጄ፣ ግድግዳው ሥር ቆሜ እገለብጠዋለሁ። ማታ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። በነጭ ወረቀት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ከምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። አርብ የቤት ሠራተኞቹ የሚያርፉበት ቀን ስለሆነ ያን ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ማንም አልከፈለኝም። ደግ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር።

አማርኛዬ አማርኛ ነበር። የተማርኩበት መሥሪያ ቤት አንድ ዐረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ካልያዘ አይፈርምም፤ እኔም ያንን ሙያ ሱዳን ድረስ ተሸክሜው መጣሁ። «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» እላለሁ። «ይህንኑ በመገንዘብ» እላለሁ። ዓረብኛው ራሱ የተጠማዘዘ ነው፤ እኔ ደግሞ ጥምዝምዙን ሳላፈርስ ወደ አማርኛ አሻገርኩት፣ ታማኝ ተርጓሚ ልባል። ሴቶቹ ዝም ብለው ይሰማሉ። አንዳንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን፣ ኡስታዝ ሲያነብ ቅዳሴ የገባሁ ነው የሚመስለኝ አለች። ኡስታዝ የሚሉኝ እንደ ሱዳኖቹ ነው፣ መምህር እንደ ማለት። ያን ሙገሳ ሳምንት ሙሉ ሳመነዥከው ከረምኩ።

አሁን ሳስበው እፍረት ይይዘኛል። ሴትዮዋ ሳታውቀው እውነቱን ነግራኝ ነበር። እኛ ያልገባንን ማክበር የለመድን ሰዎች ነን። ክርስቲያኑ ግዕዙ ሳይገባው ሰዓታት ቆሞ ያስቀድሳል፤ ሙስሊሙ ዓረብኛው ሳይገባው ቁርኣኑን አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። እዚያ ቦታ ነውር የለበትም፣ የሚሰማው ፈጣሪ ነውና ይገባዋል። የፓስፖርት ማስታወቂያ ግን እንዲያ አይደለም። ካነበብኩላቸው ሰዎች አንድም ቀን «አልገባኝም» ያለኝ የለም። እንዲያ ማለት አንባቢውን ማዋረድ ነው፣ ራስንም ማጋለጥ ነው። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ «እሺ» ይላል። እኔም «እሺ»ውን እንደ መግባባት ቆጥሬ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ከሚሰሙኝ አንዷ የወሎ ሴት ነበረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ቤት የሠራች፣ ቀጭን፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ። ከከተማው ዳር፣ ካላክላ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ካርቱም ከወለደቻት ሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። የልጅቷ አባት ወደ ሊቢያ ሄዶ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። እናትየዋ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኖሯት አያውቅም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ አባቷ ወሎ ውስጥ በጠና መታመማቸው ተነገራት። ሄዳ ልታያቸው ፈለገች። ያለ ፈቃድ የኖረ ሰው ደግሞ በሕጋዊ መንገድ እወጣለሁ ካለ የሚጠብቀው ቅጣት ዝም ብሎ የሚቻል አይደለም። በስውር እንዳትወጣ ድንበር ላይ መያዝ አለ። አርብ አርብ ትመጣና ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ አዲስ ነገር ወጣ ወይ ብላ ሳትጠይቅ ዓይኔን ዓይኔን ታያለች።

አንድ ሰሞን ማስታወቂያው ወጣ። ምሕረት ነው። ፈቃድ የሌለው የውጭ አገር ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ ቀርቦ ቢመዘገብ ያለ ቅጣት መውጣት ይችላል። ይሄ ከላይ፣ በትልቅ ፊደል። ታች፣ ከብዙ ቁጥርና ከብዙ አንቀጽ በኋላ፣ አንዲት ትንሽ መስመር ነበረች። እኔ እንዲህ ብዬ ተረጎምኳት፦ «በዚህ ማስታወቂያ የተመለከተውን ዕድል በመጠቀም ከአገር የሚወጣ ማንኛውም የውጭ አገር ዜጋ፣ ከመውጫው ዕለት ጀምሮ በሚታሰብ የሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ዳግም የመግቢያ ፈቃድን በሚመለከት የሚያቀርበው ጥያቄ ተቀባይነት የማይኖረው መሆኑን በመገንዘብ እንዲስተናገድ መሥሪያ ቤቱ ያስታውቃል።» በጻፍኳት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። አንዲት ስህተት የላትም።

አርብ ዕለት አነበብኩት። ሲበተኑ የወሎዋ ሴት ተጠጋችኝና፣

«ጋሼ፣ ቅጣት የለውም አይደል?» አለችኝ።

«የለውም» አልኳት። «ታችኛውን ግን ልብ ብለሻል?»

«እሺ ጋሼ» አለች፣ ጉልበቴን ልትስም እየተንደረደረች። ከለከልኳት። ልብ አለማለቷን እንኳ አላየሁም። የሚሰገድለት ሰው ምን ያያል።

አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ምን ገባሽ፣ እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ ብላት ይበቃ ነበር። አላልኳትም። ልጇን ይዛ ለሁልጊዜው የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሱንም አልጠየቅኳትም። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ንባብ የያዘችው ሦስት ነገር ነው፦ ቅጣት የለም፣ ዳግም የመግቢያ ፈቃድ፣ ሁለት ዓመት። እነዚያን ገጣጥማ፣ ወረቀቱን የወሰደ ሰው እስከ ሁለት ዓመት በፈለገው ጊዜ ተመልሶ ይገባል ማለት ነው ብላ ተረዳች። ልጅቷ የራሷ ወረቀት ስለሌላትና ፈተና ስለደረሰባት፣ ሁለት ወር ብቻ ብላ ለጎረቤቷ አደራ ሰጠቻት። ተመዘገበች፣ አሻራ ሰጠች፣ በሕጉ መሠረት ወጣች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥም አንድ ሰው ቀና ብሎ፣ ትመለሻለሽ ወይ ያላት የለም። ማኅተሙን መትተው ቀጣይ አሉ።

ሁለት ወር አልፎ፣ አንድ ጠዋት የኮፒ ማሽኑን ሳሞቅ ልጅቷ ገባች። ከካላክላ በሚኒባስ ብቻዋን ነው የመጣችው። የዐሥር ዓመት፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ ናት፣ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳለች፣ የጎረቤቷን ሞባይል በእጇ ይዛለች። አማርኛዋ እየተሰባበረ ነገረችኝ። አያቷ ተቀብረዋል። እናቷ መተማ ደርሳለች፣ ድንበሩ ላይ ስሟን አይተው መለሷት። ወረቀት አለኝ፣ ሁለት ዓመት ይላል ብላ ብትከራከር ሳቁባት። ስለዚህ ደውላ ልጇን ላከቻት፤ ጋሼ ጋ ሄደሽ ያነበቡልኝን ማስታወቂያ ይስጡሽ፣ እሱን ለመሥሪያ ቤቱ ያሳዩልኝ ብላ።

ያኔ ገባኝ። የወረቀት ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፤ የገዛ ጽሑፌን ከግድግዳው ላይ አንስቼ አመጣሁና ለልጅቷ ሰጠኋት። ይኸው፣ ተጽፏል፣ እኔ ጥፋት የለብኝም ለማለት ነው። የዚያን ጸሐፊ የሻይ ብርጭቆ እኔም እጅ ላይ ያየሁት ያህል ራሴን ጠላሁት።

ልጅቷ አየት አደረገችና፣ የአማርኛ ፊደል አላውቅም አለች። የገለበጥኩትን ዓረብኛ ከመሳቢያ አወጣሁላት። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ከላይ ያለውን ዘለለችው። ታችኛዋ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አሞ» አለችኝ፤ ሱዳን ልጆች አጎቴ ሲሉ እንዲያ ነው። «ይሄ እኮ የወጣ ሁለት ዓመት አይመለስም ነው የሚለው።»

«አዎ» አልኳት።

«ማማ ይሄን አታውቅም።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ አባብላት ነበር። ሞባይሉን አንስታ ደወለች። መተማ ያለ የአንድ ሱቅ ስልክ ነው፣ ሰው እስኪጠራ ቆየ። እኔ ልናገር ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ስፈልግ፣ ጉሮሮዬ ላይ የመጣልኝ «እንደሚታወቀው» የሚል ቃል ነበር። እጄን መለስኩ። ልጅቷ ነገረቻት።

«ማማ፣ የወጣ ሁለት ዓመት አይመለስም። ወረቀቱ እንደዚያ ነው። ኸላስ፣ አለቀ።»

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። በኋላ እናትየዋ ጋሼን አቅርቢልኝ አለች፣ ልጅቷ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ልጄ ያለችው ነው?»

«አዎ እኅቴ፣ ነው።»

«ያኔ እንደሷ አድርገው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እቀር ነበር እኮ።»

ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለበትም። የጠየቀችው ለማወቅ ነው፤ ምናልባት ምክንያት አለኝ ብላ አሁንም አክብራኝ። ምሕረቱ አልፏል፣ ልጅቷን የሚያወጣ ወረቀት የለም፣ እሷን የሚያስገባ የለም። እኔ ደግሞ ያለኝ ምክንያት፣ አንዲት ስህተት የሌላት ዐረፍተ ነገር ጽፌ ደስ ብሎኝ እንደነበር ነው። ይሄ ለሰው አይነገርም። ዝም ባልኩ ቁጥር እሷ መስመሩ የተቋረጠ እየመሰላት «ጋሼ፣ ጋሼ» ትላለች።

ልጅቷ እጇን ዘርግታ ስልኩን መልሳ ወሰደችብኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እናቷ ስትመለስ እሷ ስድስተኛ ክፍል እንደምትደርስ ነገረቻት።